ከግራ የተጀመረው ግድግዳ

ረድዋን የለበሰው ሸሚዝ የተበደረው ነው። ሸሚዙ የጓደኛው፣ የረክሻ ነጂው የአየነው ነው፤ ሰማያዊ፣ ኮሌታው ደረቅ ያለ፣ ለሠርግና ለፎቶ ብቻ ከሻንጣ የሚወጣ። አየነው ረዥም ነው፤ ረድዋን ደግሞ ትከሻው ሰፋ ቢልም ቁመቱ አጠር ያለ ስለሆነ እጅጌው ጣቶቹን እስከ ግማሽ ዋጣቸው። ረድዋንም ዛሬ የሚፈልገው ይህንኑ ነበር። እጆቹን ማንም እንዳያይበት።

«ጠቅለል አድርገው እንጂ» አለው አየነው ከባለ ሦስት እግሯ ረክሻ መሪ ላይ ዞር ብሎ። «የአባቱን ጀለቢያ ለብሶ የወጣ ልጅ መስለሃል።»

«ይሁን፤ ንዳ።»

«ልትታጭ ነው ወይስ ልትሰርቅ የምንሄደው? ልወቀውና ሞተሩን ሳላጠፋ ልጠብቅህ።»

ቅዳሜ ከሰዓት የገዳሪፍ መንገድ እንደ ወትሮው ተጨናንቋል። ሰሊጥ የጫኑ ሎሪዎች ዳር ዳሩን ተደርድረው ይተኛሉ፤ በመካከላቸው ፍየሎች የፈሰሰውን እየለቀሙ የትኛውም ጥሩንባ አያስደነግጣቸውም። ረክሻዋ በፍየሎቹና በሎሪዎቹ መሐል እየተሹለከለከች ትልልቆቹን የእህል ጎተራዎች አልፋ ስትታጠፍ ሕንጻው ብቅ አለ። የረድዋንም ልብ ከረክሻዋ ቀድማ ደረሰች።

የከተማው ሰው «መስረሕ» ይለዋል፤ ቴአትር ቤት ማለቱ ነው። የሰሊጥ ነጋዴዎች አዋጥተው ያሠሩት፣ ሙዚቃም ቴአትርም ጭፈራም የሚታይበት አዲስ ቤት ነው። ሊመረቅ ሁለት ሳምንት ይቀረዋል። ዛሬ ያዋጡት ሰዎች ከነቤተሰባቸው ገብተው እንዲያዩት ተጠርተዋል። ከአዋጪዎቹ አንዱ ሐጂ እንድሪስ ናቸው፤ የፈቲያ አባት።

ከፈቲያ ጋር የተዋወቁት በጆንያ ነው። ረድዋን ከሸህዲ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሶ፣ ድንበሩን ተሻግሮ፣ ዶካ ላይ አንድ መኸር ሰሊጥ ካጨደ በኋላ ወደ ገዳሪፍ መጥቶ የሐጂ እንድሪስ መኸዝን፣ የሰሊጥ መጋዘናቸው ውስጥ ተሸካሚ ሆኖ ነበር። የሐበሻ ደንበኞች ጆንያ ላይ በከሰል ስማቸውን የሚጽፈው እሱ ነው። አንድ ቀን የሐጂ ልጅ ከኋላው ቆማ ስታይ ቆየችና አማርኛ መጻፍ አስተምረኝ አለችው። ፈቲያ ገዳሪፍ ተወልዳ ገዳሪፍ ያደገች ናት፤ አማርኛ ከእናቷ አፍ ሰምታ ትናገራለች እንጂ ፊደሉን አታውቀውም። ረድዋን ፊደሉን በወረቀት እየጻፈ በአየነው ረክሻ ይልክላታል፤ እሷም ገልብጣ ትመልሳለች። ገና በመጀመሪያው ወረቀት ላይ ስሙን ጻፈችለት። በዐረብኛ እንደለመደችው ከቀኝ ጀምራ ስለነበር «ንዋድረ» ሆኖ ተነበበ። ረድዋን በረክሻዋ መስታወት አይቶ ነው ነገሩ የገባው። ከዚያ ወዲህ ግራና ቀኙን አስተካክላ ብትጽፍም ስሙን ብቻ አላስተካከለችውም። «ንዋድረ» እያለች ትጀምራለች፤ ይህን ስም በዓለም ላይ የምትጠራው አንዲት ሴት ብቻ ናት።

ደብዳቤዎቹ ከፊደል ወደ ልብ ነገር ሲያልፉ ማንም አልነገራቸውም።

ችግሩ የመጣው ረድዋን መኸዝኑን ትቶ ወደ መስረሑ ግንባታ ሲገባ ነው። ጡብ ደርዳሪ ሆነ። ታዲያ አንድ ሳምንት ላይ «ሰሞኑን ንድፍ ይዤ ነው የምውለው» ብሎ ጻፈላት። እውነቱን ነው፤ የግንበኞቹ አለቃ ወባ ይዞት ሁለት ቀን ሲተኛ ወረቀት ማንበብ የሚችል ተብሎ ንድፉ የተሰጠው ለእሱ ነበር። ሁለት ቀን። ፈቲያ ግን ለእናቷ ለወይዘሮ ራሒማ ነገረቻት፤ ወይዘሮ ራሒማም «ንድፍ የሚሠራ የአገራችን ልጅ» አድርጋ ለባሏ አቀረበችው። ረድዋን ይህን ሲሰማ ማስተካከል ነበረበት። ዛሬ ነገ እያለ ቆየ፤ ቃሉም ያለ እሱ ማደጉን ቀጠለ።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ ፈቲያ ይህን ጻፈችለት። «ቅዳሜ መስረሑን ልናይ እንሄዳለን፤ አንተም ና። ባባ ሊያዩህ ፈቅደዋል። ከዚያ ቀጥሎ ባለው ዓርብ የኢንጂነር ሙንዚር ሰዎች ለጋብቻ ሊጠይቁኝ ይመጣሉ። ከዚያ በፊት ባባ ካልወደዱህ፣ ከዚያ በኋላ አያዩህም።»

ረክሻዋ ቆመች። ረድዋን ሊወርድ ሲል አየነው ከደረት ኪሱ አንድ የታጠፈ ወረቀት አውጥቶ አሳየውና መልሶ ከተተው።

«ጠዋት ሰጥታኛለች። ከጨረሳችሁ በኋላ ስጠው፣ ነገሩ ቢያምርም ባያምርም ብላለች።»

«አሁን ስጠኝ።»

«የፖስታ ቤት ሕግ ነው ወንድሜ» አለ አየነው፤ ኪሱን በመዳፉ እየሸፈነ።

ረድዋን ይህን ቤት በጀርባው በኩል ያውቀዋል። አሸዋ በሚገባበት በር ገብቶ አሸዋ በሚገባበት በር ሲወጣ አንድ ዓመት አልፎታል። የትኛው ምሰሶ ሲሞላ ዝናብ እንደመጣ፣ የትኛው ጣሪያ ሥር ሠራተኛው ሁሉ በአንድ ጆንያ ተጠልሎ እንደዋለ ይነግራችኋል። በፊት ለፊት ግን ቆሞ አይቶት አያውቅም። አሁን ቆሞ ሲያየው ያው እሱ ራሱ የነካካው ድንጋይና ሲሚንቶ ሌላ ነገር ሆኖ ጠበቀው። ረዣዥሞቹ ምሰሶዎች ከታች ሰፋ ብለው ተነሥተው ወደ ላይ ሲሄዱ እርስ በርሳቸው ይጠጋጋሉ፤ ጫፋቸው ላይ ጣሪያው ቀለል ብሎ አርፏል። ልክ የታጨደ ሰሊጥ ነዶው ተደጋግፎ እንዲደርቅ ሲቆም። ሂላ። ዶካ ላይ በስንቱ ሂላ ጥላ ሥር ተጋድሞ ሰማይ እንዳየ ትዝ አለውና ፈገግ አለ። የዚህን ያህል ትልቅ ሂላ ያቆመ ገበሬ ግን አላየም።

«ደግሞ ብቻውን ይስቃል» አለ ከጎኑ የሚያውቀው ድምፅ።

ፈቲያ ነበረች። ሎሚ መልክ ያለው ረዥም ቶብ ተጠቅልላ፣ ጫፉን በአንድ እጇ ይዛ። ከአንድ ዓመት ተኩል ደብዳቤ በኋላ እንዲህ በቀን፣ በአደባባይ፣ ክንድ በሚያህል ርቀት ሲቆሙ የመጀመሪያቸው ነው። ዓይኖቿ ሸሚዙን ከላይ እስከ ታች አይተው እጅጌው ላይ ቆሙ።

«ሸሚዙ ነው የለበሰህ፣ ወላሂ» አለችው ቀስ ብላ።

«ሂላ ይመስላል» አላት እሱ ወደ ምሰሶዎቹ እያሳየ፤ ሌላ የሚለው ስላጣ።

ቀና ብላ አየች። ቆየች። ሰሊጥ በጆንያ እንጂ በማሳ አይታ የማታውቀው የነጋዴ ልጅ ምሰሶዎቹን አንድ በአንድ አየቻቸው፤ ከዚያ እሱን። ያን አስተያየት ረድዋን ሸሚዙ ውስጥ ሸሸገው።

ሐጂ እንድሪስ በትልቁ በር ላይ ቆመው ነበር፤ ነጭ ጀለቢያ፣ ነጭ ጥምጥም፣ ከዘራ። ወይዘሮ ራሒማ ከጎናቸው ሆና ልጁን በዓይኗ ወደፊት እየጎተተችው ነው። በዚያ በኩል ኢንጂነር ሙንዚር አለ፤ የግንባታው ተቆጣጣሪ፣ ጸጉሩ የተስተካከለ፣ ረጋ ያለ የገዳሪፍ ልጅ። ረድዋን ግንባታው ላይ በሩቁ ያውቀዋል፤ ሙንዚር ግን ከመቶ ሃምሳ አቧራ ከለበሱ ሰዎች አንዱን ለይቶ ሊያውቅ አይችልም። ሐጂም ቢሆኑ መኸዝናቸው ውስጥ ጆንያ ተሸክሞ ያለፈውን ሁሉ ፊቱን አያስታውሱም። ረድዋን ይህንንም አምላኩን አመሰገነበት።

ሐጂ ሰላምታቸው ረዥም ነው። ስለ ሸህዲ ዝናብ፣ ስለ ገላባት መንገድ፣ ስለ ቤተሰብ ጠየቁት፤ ሲጠይቁም እጁን በሁለት እጃቸው ይዘው አልለቁትም። እጅጌው ወደ ኋላ ተሰበሰበ። ረድዋን ሊስብ አልደፈረም። የሽማግሌው አውራ ጣት መዳፉ ላይ እንደ ዘበት አንድ ጊዜ ተመላለሰ፤ ጥሩ ሰሊጥ ከመጥፎ ሲለይ እንደሚያደርገው። ከዚያ «እንግባ» አሉ።

ሙንዚር መራቸው። በዐረብኛ ያስረዳል፤ ወይዘሮ ራሒማ በአማርኛ ትመልሳለች፤ ሁለቱም ይግባባሉ። ከዚያ አዳራሹ ውስጥ ገቡ። ውጭ ያ ሁሉ ፀሐይና ጥሩንባ እያለ በሩ ሲዘጋ ጸጥታው እንደ ቀዝቃዛ ውሃ ፊታቸውን ነካው። ወንበሮቹ ቀይ ቡናማ ሆነው በግማሽ ክብ ወደ መድረኩ ይወርዳሉ። ጣሪያው የእንጨት ነው፤ በሰፋፊ እጥፋት እየተገላበጠ ከኋላ ወንበር እስከ መድረኩ ይሄዳል፤ ነፋስ የነካው መጋረጃ እዚያው የደረቀ ይመስላል። ረድዋን ያን እንጨት ተሸክሞታል። ግማሹን ቀን ሲራገም የዋለበት ሸክም ነበር። አሁን ቀና ብሎ ሲያየው አፈረ፤ የረገመው ነገር እንዲህ ያምራል ብሎ አላሰበም።

ሙንዚር እጥፋቱ ለጌጥ እንዳልሆነ አስረዳ። ድምፅ እየተቀባበለ እስከ መጨረሻው ወንበር እንዲደርስ ነው፤ መድረኩ ላይ ያለ ሰው ያለ ማይክሮፎን ይሰማል አለ። ሐጂ ሳቁ። ወሬ ነው አሉ፤ እሳቸው በመኸዝናቸው ውስጥ ሠላሳ ዓመት ጮኸው ማንም ሰምቷቸው አያውቅም። ሙንዚር መብራቱን ሊያበራ ወደ ጎን ክፍል ሲገባ ሐጂ ከዘራቸውን እያንኳኩ ከሚስታቸው ጋር መድረኩ ላይ ወጡ። ረድዋን የመጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀምጦ ነበር። ፈቲያ ከፊቱ ሁለት ረድፍ ዝቅ ብላ።

መጀመሪያ ሐጂ አሳሉ። ሳሉ ከጣሪያው ወርዶ ረድዋን ጆሮ ሥር ሰተት አለ። ከዚያ ሽማግሌው ወደ ሚስታቸው ጎንበስ ሲሉ አየ። አፋቸውን በእጃቸው ከልለዋል። ቃሉ ግን እጥፋቱን እየተቀባበለ፣ እንጨት በእንጨት እየተሻገረ፣ አንድም ፊደል ሳይጎድልበት መጣ።

«ራሒማ፣ ልጁን ጨብጬዋለሁ። የእርሳስ እጅ አይደለም። የግንበኛ እጅ ነው።»

«ቀስ ይበሉ፣ ይሰማሉ።»

«ማን ይሰማል? እዚያ ጫፍ ናቸው።» ከዘራቸውን አንዴ አንኳኩ። «ግንበኛ መሆኑ አይደለም። ዋሽቶን መሆኑ ነው።»

የፈቲያ አንገት ቀጥ አለ። ረድዋን እንድትዞር ጠበቀ። በመናደድም ቢሆን፣ በመታዘብም ቢሆን ዞራ እንድታየው። አልዞረችም። የቶቧን ጫፍ ብቻ ወደ ትከሻዋ መለሰችው። በዚያ ሁሉ ወንበር መሐል እንደዚያ ሰዓት ብቻውን ሆኖ አያውቅም፤ ዶካ ላይ ማንንም ሳያውቅ የደረሰ ጊዜ እንኳ።

ሙንዚር መጨረሻ የሚያሳያቸውን መርጦ አስቀርቶ ነበር። ከአዳራሹ ወጥተው በሰፊው ደረጃ ወደ ላይኛው መተላለፊያ መራቸው። ዐስር ደርሷል፤ ፀሐይ ወደ ምዕራብ ዘንበል ብላለች። ረድዋን ወዴት እንደሚሄዱ ያውቃል። ከሁሉም ኋላ ቀረ።

የምዕራቡ ግድግዳ ከወለል እስከ ጣሪያ ጡብ ነው። ጡቦቹ ግን እንደ ሌላ ግድግዳ በእኩል አልተደረደሩም፤ እያንዳንዱ ከጎረቤቱ ትንሽ ዞር ብሏል፣ ቀጣዩም ትንሽ፣ ቀጣዩም፤ በመካከላቸው ክፍተት አለ። ከአንድ ጫፍ ስታዩት ዝግ ነው፤ እየሄዳችሁ ስታዩት ይከፈታል። አሁን ፀሐይዋ በዚያ ሁሉ ክፍተት ገብታ ደረጃው ላይ ፈሳለች። ብርሃኑ ሰሊጥ ይመስላል፤ ትንንሽ፣ ወርቃማ፣ ስፍር ቁጥር የሌለው፣ ከደረጃ ወደ ደረጃ እየተንሸራተተ የሚወርድ። ወይዘሮ ራሒማ እጇን ዘርግታ ብርሃኑን በመዳፏ ያዘችው። ሐጂ ከዘራቸውን ማንኳኳት ረሱ።

«ያ ሰላም» አለች ፈቲያ ተደንቃ። ከዚያ ወደ ሙንዚር ዞራ ቤቱ ውስጥ ካየችው ሁሉ ይህን እንደወደደች ነገረችው፤ ማን አስቦት ነው ብላ ጠየቀችው።

ሙንዚር የእኔ ነው ማለት ይችል ነበር። ረድዋን እንዲል ጠበቀ፤ ቢል ነገሩ እዚያው ያልቃል። ሙንዚር ግን ጭንቅላቱን አከከ። ይህ ግድግዳ በንድፉ ላይ እንዲህ አልነበረም አለ። ጡቦቹ ፊታቸውን ለሰሜን ነፋስ ሰጥተው ጀርባቸውን ለምዕራብ ፀሐይ እንዲያዞሩ ነበር የታሰበው። ሠራተኞቹ ገልብጠው ሠሩት። እሱ ሊያስፈርሰው ነበር፤ ዋናዋ አርክቴክት ከካርቱም መጥታ ግን ልክ በዚህ ሰዓት እዚህ ደረጃ ላይ ተቀምጣ ለረዥም ጊዜ ብርሃኑን አየች። ከዚያ ይህን የነካ ከእኔ ጋር ተጣላ ብላ ሄደች። ማን እንደሠራው ተጠይቆ ነበር፤ ማንም አልተናገረም።

ፈቲያ ወደ ግድግዳው ጠጋ አለች። ጣቷን ከቀኝ ጫፍ አንደኛው ጡብ ላይ አድርጋ ወደ ግራ ጀመረች፤ ሦስት አራት ጡብ ሄዳ ቆመች። ራሷን ነቀነቀች። ወደ ግራው ጫፍ ሄዳ ከዚያ ጀመረች። አንደኛው ጡብ እምብዛም አልዞረም። ሁለተኛው ትንሽ። ሦስተኛው ከዚያ ትንሽ። ጣቷ እንደ ንባብ ሳይደናቀፍ ወደ ቀኝ ነጎደ። ከንፈሮቿ ይንቀሳቀሱ ነበር፤ ያን የከንፈር እንቅስቃሴ ረድዋን አይቶት ባያውቅም ያውቀዋል። ፊደል ስትቆጥር እንዲህ እንደምታደርግ ጽፋለት ነበር።

«ይህ ከግራ ነው የተጀመረው» አለች በአማርኛ።

ማንንም አላየችም። ግድግዳውን ብቻ እያየች ነው ያለችው። በገዳሪፍ ግንበኛ ሁሉ ወረቀት ከቀኝ ያነባል። ከግራ የሚጀምር እጅ ከየት እንደመጣ እሷ ታውቃለች፤ ያ እጅ ነው ሦስት ወር ሙሉ ወረቀቷን ያገላበጠላት። ግን ስም አልጠራችም። ስሙን ለባለቤቱ ተወችለት።

ረድዋን የአየነውን ሸሚዝ እጅጌ ጠቀለለ። መጀመሪያ ቀኙን፣ ከዚያ ግራውን፣ እስከ ክርኑ። ሲሚንቶ የበላቸው ጣቶቹ፣ የተሰነጠቀው አውራ ጣቱ፣ ሁሉም በዚያ ብርሃን ውስጥ ወጡ።

«እኔ ነኝ» አለ። «ሐጂ፣ እኔ ነኝ ያበላሸሁት።»

ከዚያ የተቀረውን ሳያቋርጥ ተናገረ፤ ካቋረጠ እንደማይቀጥል ስላወቀ። አለቃው ታምሞ ንድፉ ለሁለት ቀን በእጁ እንደገባ፤ እያንዳንዱ ጡብ በስንት ጣት እንደሚዞር በዐረብኛ ሰንጠረዥ እንደተጻፈ፤ ቁጥሮቹን ገበያ ላይ ለምዶ ስለሚያውቃቸው ሁሉን የሚያውቅ እንደመሰለው። ረድፉ ከየትኛው ጫፍ እንደሚጀምር ግን ማንም አልነገረውም፤ እሱም አልጠየቀም። ከስድስት ዓመቱ ጀምሮ ያየው ወረቀት ሁሉ ከግራ ይጀምራል። ቱምቢውን ጥሎ፣ ሲባጎውን ወጥሮ፣ በጣም ተጠንቅቆ፣ አንድም ጡብ ሳያሳስት፣ የመጀመሪያዎቹን ረድፎች ገልብጦ ሠራ፤ ሌሎቹም የእሱን ረድፍ እየተከተሉ ግድግዳውን በሙሉ ገልብጠው ጨረሱት።

«ንድፍ ሠሪም አይደለሁም» አለ በመጨረሻ። «ሁለት ቀን ነው የያዝኩት። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ጡብ ነው የምደረድር። በደብዳቤ ውስጥ ያለውን ሰው ወደዳችሁት፤ ላጠፋው አልቻልኩም። ይቅር በሉኝ።»

ሐጂ እንድሪስ ደረጃው ላይ ተቀመጡ። ነጩ ጀለቢያቸው በሰሊጥ ብርሃን ተሞላ።

«ዝም ብትል ማን ያውቅ ነበር?» አሉት።

«እሷ ታውቃለች። ማንበብ ያስተማርኳት እኔ ነኝ።»

ፈቲያ ያኔ ዞረች። አዳራሹ ውስጥ ያልዞረችው አንገት አሁን ዞረ፤ ዓይኖቿ ሞልተው ነበር፤ ግን ትስቅ ነበር። ረድዋን ያን ፊት እስኪያረጅ ድረስ ይዞት ለመኖር እዚያው ቆሞ ወሰነ።

ሐጂ ግድግዳውን አዩ፣ እጆቹን አዩ፣ እንደገና ግድግዳውን። ከዚያ ሳቅ ጀመራቸው፤ ከሆዳቸው ተነሥቶ ትከሻቸውን የሚንጥ ሳቅ። ከዚህ ሁሉ ቤት ልቤ የገባው አንድ ነገር ነው፣ እሱም ስሕተት ሆኖ ተገኘ አሉ ለሚስታቸው።

«ሁለት ቀን ይዘህ እንዲህ ካደረግክ» አሉት ዓይናቸውን እየጠረጉ፣ «ዓመት ቢሰጡህ ከተማውን ትገለብጠው ነበር።»

«እንዲያውም ይስተካከል ነበር» አለች ወይዘሮ ራሒማ።

ሐጂ ሳቃቸውን አቆሙ። የከዘራቸውን ጫፍ ደረጃው ላይ ተከሉ።

«ግድግዳውን ይቅር ብዬሃለሁ። ደብዳቤውን ገና ነኝ። እሱ ጊዜ ይፈልጋል።» ቀና ብለው አዩት። «ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ምሳ ብላ። ቤቴን ታውቀዋለህ?»

«አውቀዋለሁ ሐጂ። በጓሮው በኩል ሰሊጥ አውርጄበታለሁ።»

«በጓሮ እንዳትመጣ። በትልቁ በር ግባ።»

ዓርብ የሚለው ቃል ሁሉንም አስታወሳቸውና ዓይኖች በሙሉ ወደ ሙንዚር ሄዱ። ሙንዚር አማርኛ አጥርቶ አይሰማም፤ ግን ጣቷን ግድግዳው ላይ በዓይኑ የተከተለ፣ የሆነውም የገባው ሰው መሆኑ ከፊቱ ይነበባል። ፈቲያን አየ፤ ከዚያ የረድዋንን ክንዶች። መነጽሩን ከኪሱ አወጣ፤ አላደረገውም፤ አጠፈው። ዓርብ እናቱ ከሰላ ከተማ ዘመድ ልትጠይቅ ስለምትሄድ እንደማይመጡ አሁን ገና ትዝ እንዳለው ለሐጂ በትሕትና ነገራቸው። ከዚያ ወደ ረድዋን ዞሮ ቀጣዩን ንድፍ ከየት እንደሚያነብ መጀመሪያ እንዲጠይቀው አዘዘና ቀድሟቸው ወረደ። ብርሃኑ ጀርባው ላይ እየተንሸራተተ አብሮት ወረደ። ረድዋን ለዚህ ሰው ወንድምነት ተሰማው፤ ይህንንም ለራሱ ቢሆን ማስረዳት አይችልም።

አየነው ሞተሩን ሳያጠፋ ነበር የጠበቀው።

«ሰረቅክ ወይስ ታጨህ?»

«ምሳ ተጠራሁ።»

«ምሳ» አለ አየነው ቃሉን እያጣጣመ። ወደ እጅጌው ዓይኑን ጣለ። «ሸሚዜን ጨማደድክብኝ፣ ያ ዘውል፣ አንተ ሰው። ለምሳ ተብሎ።» ከዚያ ኪሱን ከፍቶ ወረቀቱን ሰጠው። «ፖስታ ቤት ተከፍቷል።»

ረድዋን ረክሻዋ እየተነቃነቀች ከፈተው። የፈቲያ እጅ ነው፤ ክብ ክብ የሚሉ፣ በጥንቃቄ የተቀመጡ ፊደሎች።

«ንዋድረ፣

ይህን የምጽፈው ጠዋት ነው፤ ምን እንደሚሆን ሳላውቅ። ንድፍ ይዘህ እንደማትውል አውቃለሁ። ደብዳቤህን በከፈትኩ ቁጥር ጭኔ ላይ ሲሚንቶ ይራገፋል። እማ ያወራችውን አልመለስኩም፤ እኔም ጥፋተኛ ነኝ። አንድ ቀን ራስህ ትነግረኛለህ ብዬ ነው ዝም ያልኩት። ዛሬ ከነገርከኝ ይህን ወረቀት ስታነብ እኔ ቤት ውስጥ እየዘፈንኩ ነው። ካልነገርከኝም ነገ እጠብቃለሁ፤ ከነገ ወዲያም። እኔ መጻፍ ስማር አንተ ሦስት ወር ጠብቀኸኝ የለም?»

ረድዋን ወረቀቱን አንብቦ ጨረሰ፤ ደግሞ አነበበው። ከዚያ መጀመሪያው ላይ ያለችውን አንዲት ቃል ከቀኝ ወደ ግራ አነበባት፤ ስሙን አገኘው።

ፍየሎቹ አሁንም መንገዱ መሐል ናቸው። ጎተራዎቹ ላይ የመጨረሻው ፀሐይ አርፏል። አየነው ፍየሎቹን ለማለፍ ሞተሩን ሊያስጮህ ሲል ረድዋን ትከሻውን ያዘው።

«ቀስ ብለህ ንዳ» አለው።

ገዳሪፍ እንደዚያን ቀን ትንሽ ከተማ ሆና አታውቅም። ደስታው ገና ግማሽ መንገድ ላይ እያለ እሱ ቀድሞ ቤት እንዳይደርስ ፈራ።